ቁስሉን የከፈተ እጅ

ሀብትነሽ ስትስቅ ሳቋ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ይሰማል። ስትቆጣ ደግሞ ዝም ትላለች፤ መፍራት ያኔ ነው። እኔ ከእሷ ጋር ዕጣን ስለቅም ስለኖርኩ ሁለቱንም አውቃለሁ።

በደርግ ጊዜ በእኛ ሰፈር ሥራው የተከፈለ ነበር። ወንዶቹ ከሸሕዲ ወዲያ ባለው ቆላ የዕጣን ዛፍ ያቆስላሉ፤ እኛ ሴቶቹ የወረደውን ዕጣን ነጩን ከጥቁሩ እየለየን እንለቅማለን። እያንዳንዱ ወንድ የራሱ ዛፎች አሉት፤ ጎጆም የሚሰጠው ዛፍ ላለው ብቻ ነው። ከጉብታው ሥር ያሉት ዛፎች የሀብትነሽ ባል የእንግዳው ነበሩ። ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ጊዜ፣ ጥቅምት ገብቶ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ እንግዳው አንድም ዛፍ ሳይነካ ወሰዱት።

ዛፎቹ ለሌላ ሰው ከተሰጡ ጎጆው ሄደ ማለት ነው። ሀብትነሽ ካቦአችን አያ ቸሩ ዘንድ ገሰገሰች።

«ዛፎቹን እኔ ላቁስል» አለቻቸው።

«ሴት ትለቅማለች እንጂ አታቆስልም።»

«ማን ከለከለ?»

«ማንም አልከለከለም። ያደረገችም የለችም።»

«እንግዲያው እኔ ላድርገውና ትኑር።»

አያ ቸሩ መልስ ሲያጡ ጢማቸውን ይጎትታሉ። ጎትተው ጎትተው፣ «እስከ ሦስተኛው ዙር አይሻለሁ። ካልሆነልሽ ለሌላ እሰጣለሁ» አሉ።

ማቁሰል ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። ምንጋፍ የሚሉትን አጭር ስለታም ብረት ይዞ፣ እንደ ወረቀት የሚላጠውን ልጥ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ሳሳ አድርጎ መፋቅ ነው። ወተቱ ያለው ከውስጠኛው ልጥ ነው። እንጨቱን የነካ ሰው ነቀዝ ያስገባል እንጂ የሚያተርፈው የለም። ደግሞም ዛፉ በበጋ ቅጠል ስለሌለው ክረምት ባጠራቀመው ስንቅ ነው የሚኖረው፤ የሚሰጠውም እየቆጠበ ነው። በመጀመሪያው ዙር የሚወጣው ለዓይን አይሞላም። ሳምንታት ቆይቶ ያው ቁስል ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይታደሳል፣ እንደገና ይጠበቃል።

በመጀመሪያው ዙር የሀብትነሽ ዛፎች ይህ ነው የሚባል ነገር አልሰጡም። የሌላውም ሰው እንዲሁ ነበር፤ የተሳቀው ግን በእሷ ነው። «ዛፎቹ ሴት አይተው አፈሩ» እያሉ ወንዶቹ አላገጡ። በሁለተኛውም ዙር ያው። እኔ ጭንቅ ያዘኝ።

«ኧረ ጠለቅ አድርጊው! ጎጆሽ ሊሄድ ነው» አልኳት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? እኔ መልቀሙ ሰልችቶኛል» አለችኝ።

በሦስተኛው ዙር ከየቁስሉ ነጭ ነጭ ዕንባ ወርዶ፣ ደርቆ ጠበቀን። አያ ቸሩ ከዛፍ ዛፍ እየሄዱ ቁስሉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። እንጨት የነካ አላገኙም። «ቀጥዪ» ብለው ሲሄዱ እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ማን ይከለክለኛል!

የካቲት ላይ እንግዳው መጣ። በአንድ ጆሮው እንደማይሰማ ሲታወቅ አሰናበቱት። ሚስቱ ስትጠራው እንደማይሰማ እኛስ ዱሮም እናውቅ ነበር። ሀብትነሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ ዶሮ ሠራችለት፣ በደስታ የሚችላት ጠፋ። በማግስቱ ጧት ሰው ለሥራ ሲሰበሰብ እንግዳው እጁን ዘረጋ።

«በይ፣ ምንጋፌን አምጪ» አላት።

«ባለቤቱ መጣ!» አሉ ወንዶቹ። ሀብትነሽ ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁና ፈራሁ። ኋላ ወደ ካቦው ዞረች።

«አያ ቸሩ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። በማቁሰያው ወራት መሀል ሌላ እጅ ቁስል ያድሳል?»

መልሱን የማያውቅ አልነበረም። እያንዳንዱ እጅ የራሱ አያያዝ አለው። አንዱ የከፈተውን ሌላው ሊያድስ ሲል እንጨት ይነካል፣ ዛፉም ይደርቃል። ስለዚህ የአንዱን ቁስል ሌላው አይነካም፤ ወንድም ለወንድሙ እንኳ አይሰጥም።

አያ ቸሩ ጢማቸውን ያዙ። «አያድስም። ቁስሉን የከፈተ እጅ እስከ ዝናቡ ይጨርሳል። ሕጉ የኛው ነው፣ ምን ላድርግ!»

የእንግዳው ፊት ጠቆረ። «እኔኮ ባልሽ ነኝ!»

«እንዴታ! እኔን ብለህ ከመጣህ ይኸው አለሁ። ዛፉን ብለህ ከመጣህ ግን ለከርሞ ነው» አለችው። ከዚያ ዕጣን መሰብሰቢያውን ቅርጫት አቀበለችው። እሱም ተቀብሎ ተከተላት። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዝናብ እስኪገባ እሷ አቆሰለች፣ እሱ ሰበሰበ። በዓመቱ ጥቅምት አያ ቸሩ ዛፍ ሲያከፋፍሉ እንግዳው ተነሣና ከጉብታው ማዶ ያለውን ጠየቀ።

«የድሮው ዛፍህስ?» አሉት።

«እሱ የሀብትነሽ ነው» አለ።