ዓይናችሁን ጨፍኑ ያሉን አሠልጣኝ

አዲሷ አሠልጣኛችን በመጡበት የመጀመሪያ ቀን ከበሮው እንዳይመታ ከለከሉ። እኔ ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ኮልፌ ውስጥ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ተወዛዋዥ። ሴትዮዋ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው የሚራመዱ ነበሩ። ዕድሜያቸውን መድረክ ላይ እንደጨረሱ ሰምተናል። የአዳራሹን በር ዘጉና ሲሚንቶው ላይ ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ አዘዙን።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ» አሉ። «ትንፋሻችሁ ሲገባና ሲወጣ ተከታተሉት። አታፍጥኑት፣ አታዘግዩት። ሐሳባችሁ ሲሄድባችሁ አትቆጡት፤ መልሳችሁ አምጡት።»

ሁሉም ጨፈነ። እኔ ግን በሽፋሽፍቴ መሐል አያቸው ነበር። በር ዘግቶ ዓይንሽን ጨፍኚ የሚል ሰው ምን ፈልጎ ነው? ሴትዮዋ ቀስ ብለው በየተራ ፊታችንን እያዩ ዞሩ። ከዚያ ከቦርሳቸው ደብተር አውጥተው መጻፍ ጀመሩ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ታላቅ ወንድሜ አውቶብስ ሲጠብቅ ከፌርማታ ላይ በጠራራ ፀሐይ ተወሰደ። አልተመለሰም። ማን እንደጠቆመው ስላላወቅን ሁሉንም ሰው ጠረጠርን፤ ባለሱቁን፣ ጎረቤቶቻችንን፣ እናቴን ሊያጽናኑ የመጡትን ሳይቀር። ቡድኑ ውስጥ የገባሁትም በስብሰባ ላይ «የዚያ ቤት ልጅ ለምን አትሳተፍም?» ተብሎ እናቴ ስለፈራች ነው። ጭፈራውን ግን ወደድኩት። ችግሬ አንድ ነበር፤ ከፊት ወንበር ላይ ካኪ የለበሰ ሰው ሲቀመጥ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፣ ትከሻዬ ይደርቃል። ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ እንደ ግንድ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ከልምምድ ስንመለስ ጭቃውን እየዘለልን፣ አጠገቤ ለምትጨፍረው ጓደኛዬ ስለ ደብተሩ ነገርኳት።

«ምንድን ነው የሚጽፉት?» አለችኝ።

«ስማችንን ነዋ! ሌላ ምን ይጽፋሉ?»

ነጠላዋን አጣፍታ እርምጃዋን አፈጠነች። አኳኋኗ አላማረኝም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር አልሰጠኝም።

«በሩን ዘግታችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

«እንለማመዳለን፣ ጓድ።»

«ከበሮ ሳይመታ? ጸሎት ነው የሚሉ አሉ። ሴትዮዋ ጴንጤ ናቸው እንዴ?»

ሴትዮዋ የእሱ ሰው ከሆኑ ይህን ለምን እኔን ይጠይቀኛል? ወይስ እየፈተነኝ ነው? «የትንፋሽ ልምምድ ነው» አልኩት። «ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጨፍሮ መፈክር ማሰማት አይችልም።»

ፈገግ አለ። «ጥሩ። ዓርብ ዓርብ እየመጣሽ ያየሽውንና የሠራችሁትን ትነግሪኛለሽ። ወንድምሽን አውቀዋለሁ።»

አውቀው ነበር አላለም። አውቀዋለሁ ነው ያለው። በሕይወት አለ ማለት ይሆን እያልኩ ስንት ቀን ከዚያች ቃል ጋር ዋልኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም።

ዓርብ ዓርብ እየሄድኩ የማይረባ ነገር እነግረው ጀመር፤ ማን አረፈደ፣ የማን ጫማ ተቀደደ። ክቡ ውስጥ ስቀመጥ ግን እያንዳንዱን ፊት እመረምር ነበር። ጸሎት ነው ብሎ ያወራው ከእነዚህ አንዱ ነው። ጓደኛዬ አብራኝ መመለስ ትታለች። ከቢሮው ስወጣ አይታኛለች፣ ወይም ራሷ ናት የነገረችው አልኩ።

አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ አሠልጣኟ አስቀሩኝ።

«ተጠርተሽ ነበር፣ አይደል?»

«የት?»

ደብተሩን ገልጠው ዘረጉልኝ። ስም አልነበረበትም። «ባለ ነጠላ ጫማዋ፦ ቁርስ ሳትበላ ትመጣለች፤ ዝላይ አይሰጣት።» «ረጅሙ ልጅ፦ ቀኝ ጉልበቱን ይደብቃል።» ዝቅ ብሎ ደግሞ «ዓይኗን የማትጨፍነው፦ በሩ ሲንኳኳ ትንፋሿን ትይዛለች። አትገፋ።»

እፎይ ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ። ደብቄዋለሁ ያልኩትን ሁሉ አይተውታል።

«ይህን ለማን ነው የሚያሳዩት?»

«ለማንም።» ገጹን ቀድደው ሰጡኝ። «እኔም መድረክ ላይ ደርቄ ቀርቻለሁ። ልጄ ከተወሰደ በኋላ ዓመት ሙሉ እግሬ አልነሳም አለኝ። ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ሳዳምጥ ነው የተመለሰልኝ። ፍርሃቱን አያጠፋልሽም፣ ልጄ። ሲመጣ ግን መምጣቱን ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ እግርሽ የራስሽ ይሆናል።»

ወረቀቱን እቤት ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ልጄ ተወሰደብኝ ማለት ጥሩ ወጥመድ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። እንደዚያ ማሰቤ አሁን ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን እንደዚያ ነበር የምናስበው።

ቢሆንም በማግሥቱ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም አልሆንኩም።

በዚያው ሰሞን ቀበሌዎቹን የሚያስተዳድረው ከፍተኛ ያዘጋጀው በዓል ደረሰና ከብዙ ቀበሌዎች ቡድኖች ጋር መድረክ ወጣን። የፊተኛው ረድፍ ካኪ በካኪ ነበር፤ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊውም መሐላቸው አለ። እስክስታው ሲጀመር ያው ነገር መጣብኝ። ደረቴ ተቆለፈ። «መጣ» አልኩ በልቤ። ውስጥ እግሬ ሳንቃውን ሲነካ ተሰማኝ፤ ሻካራና ሞቅ ያለ ነበር። አንድ ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ። ከምቱ ወደኋላ ቀርቻለሁ። ጓደኛዬ ግን ወደፊት መሄድ ሲገባት እዚያው ቆማ ትከሻዋን እየሰበቀች ጠበቀችኝ። ደረስኩባት፣ አብረን ጨረስን።

ከመድረኩ ጀርባ ላብ እንዳጠመቃት መጣች።

«ደንግጠሽ ነበር» አለችኝ።

«አዎ። አንቺስ?»

«እኔም።» ግራ ቀኝ አየች። «ሰኞ ሰኞ ይጠራኛል።»

«ማን?»

«አንቺን የሚጠራሽ ሰውዬ ነዋ።»

«ምን ትይዋለሽ?» አልኳት።

«የትንፋሽ ልምምድ ነው እለዋለሁ። የሰው ጫማ ተቀደደ እለዋለሁ።»

አፋችንን በነጠላችን አፍነን ሳቅን። እሷ ሰኞ እኔ ዓርብ ከሆንን፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ የማን እንደሆኑ ግን ሁለታችንም አልተጠያየቅንም።

ከበዓሉ በኋላ አዳራሹ ክፍት ሆኖ እንዲሠራ ትእዛዝ መጣ። አሠልጣኟ አልተከራከሩም። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና «እንግዲያው ዓይናችንን ገልጠን እንቀመጣለን» አሉ። መንገደኛው ቆም እያለ እያየን ትንፋሻችንን እንከታተል ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን አሠልጣኟ ቀሩ። ተዛወሩ ተባለ። ወዴት ብሎ የጠየቀ የለም።

ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ጊዜ ቀራንዮ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መንገድ አየኋቸው። እኔ የቀበሌውን የወጣቶች ማኅበር ልብስ ለብሼ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ነበርኩ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፈገግ ልል ስል ፊታቸውን አዙረው፣ የማያውቁኝ መስለው እያነከሱ አለፉ። ለእኔ ተጨንቀው ይሁን እኔኑ ፈርተው አላወቅሁም። ተከትዬ ልጠይቃቸው እችል ነበር፤ አልተከተልኳቸውም።