የፊደል ለቃሚው ጋዜጦች

ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ስለማፍር ነው።

ፌርፋክስ ሰፈር፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ፣ አንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ይሁዲ ባልቴት አስታምም ነበር። አባታቸው ኒው ዮርክ ውስጥ ለልብስ ሰፊዎች በይዲሽ፣ በአውሮፓ ይሁዲዎች ቋንቋ፣ የሚታተም የሠራተኞች ጋዜጣ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። የአለቃ ግፍ የሚያጋልጥ፣ አድማ ምቱ የሚል ጋዜጣ ነው። ማንበብ የማይችሉት እንዲሰሙ በምሳ ሰዓት አንዱ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር አሉ። ባልቴቷም ከምሳ በኋላ ያንን የወየበ ወረቀት ዘርግተው ያነቡልኝና በእንግሊዝኛ ይነግሩኛል። አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ አለቃዋን እንደምትለምን ጽፋ ነበር። እኔም ሎንግ ቢች ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ስሠራ እንደዚሁ ነበርኩ። ሰምቼ አለቀስኩ።

ልጃቸው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሊያስገባቸው ሲል ጋዜጦቹ ያሉበትን ካርቶን ለኔ ሰጡኝ። «እሱ ይጥለዋል፤ አንቺ ግን ዋጋውን ታውቂያለሽ» አሉኝ። ቫን ናይስ፣ ቤቴ ወስጄ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት።

የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ፎርሙ ላይ ኮሚኒስት ነበርሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። እኔ ደግሞ በደርግ ጊዜ ያደግኩ ነኝ፤ የጎረቤታችን ልጅ ቤቱ ሲፈተሽ አንዲት ወረቀት ተገኘችበት ተብሎ ተወስዶ በዚያው ቀርቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ማን ነው ቫን ናይስ ድረስ መጥቶ ቁም ሳጥኔን የሚከፍተው? ማንም። ይህን እያወቅኩ አንድ ረቡዕ ጠዋት ካርቶኑን ተሸክሜ ወረድኩና ሪሳይክል ቢን ውስጥ ገለበጥኩት። የቆሻሻ መኪናው ሲወስደው በረንዳ ላይ ቆሜ አየሁ፤ እፎይ አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እፎይ ማለቴ ነው።

ኢንተርቪው ላይ ኦፊሰሩ ያቺን ጥያቄ ቀና እንኳ ሳይል አነበባት፣ ኖ አልኩት፣ ወደሚቀጥለው አለፈ። ይኸው ነው።

ሲቲዝን መሆኔን ለባልቴቷ ልነግራቸው አበባ ይዤ ነርሲንግ ሆሙ ሄድኩ። እጄን ይዘው ደስታቸውን አልቻሉትም። ከዚያ «አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጦቹን ይፈልጋል፤ የአንዳንዱ ሌላ ቅጂ የትም አልተገኘም አሉኝ። አይዟችሁ፣ ደህና ሰው ጋ ነው ያለው አልኳቸው» አሉኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ቅዳሜ አመጣዋለሁ» አልኩ። ምን ነክቶኝ እንዳልኩት እንጃ።

ያን ቅዳሜ አልሄድኩም፤ የሚቀጥለውንም። ባልቴቷ አሁንም በሕይወት አሉ። ትናንት ደወሉ፤ ስማቸውን ስልኬ ላይ አይቼ አላነሳሁም።