ስለ ሬዲዮው ገመድ የሰጠሁት ቃል

ከደባርቅ በወጣሁበት ጠዋት ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ የተሸከሙልኝ ጋሽ መኳንንት ናቸው። ተዉ ብላቸው «አንተ መንገደኛ ነህ፣ ዝም ብለህ ሂድ» አሉኝ። ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል፤ የእኔ ፊት ግን በሀፍረት ይነዳል። እኒህ ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ሚኒባስ ነድተው በእኔ ምክንያት ከመሪው የወረዱ ናቸው። ያን ጊዜ አያውቁም ነበር። እናንተም የአገሬ ሰዎች አታውቁም፤ እንግዲህ ልንገራችሁ።

የመኪና ኤሌክትሪሻን ነኝ ብዬ ደባርቅ ስሠራ፣ ጋሽ መኳንንት የሚነዱት ሚኒባስ ባለቤት ፍላሽ የሚያነብ አዲስ ቴፕ አምጥቶ «ይኼን ግጠምልኝ» አለኝ። መኪናው ከፋብሪካ የመጣበት የራሱ ሬዲዮ ነበረው። ለአዲሱ የሚስማማ ማገናኛ ከጎንደር ማስመጣት ሲገባኝ፣ ማን ይጠብቃል ብዬ የድሮውን ሶኬት ቆርጬ ጣልኩት። ገመዶቹን በጥርሴ ላጥኩና ጠምዝዤ በናስትሮ ጠቀለልኳቸው። ፊውዙ ሁለት ጊዜ ሲቃጠልብኝ በምትኩ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሰካሁበት። ቴፑ ዘፈነ፣ ባለቤቱም መረቀኝ። ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንሠራው፤ ጎበዝ የተባልኩትም በዚሁ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳባት መግቢያ ላይ ዳሽቦርዱ ጨሰ። ሰው በመስኮት ዘለለ፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት እጃቸው ተሰበረ። ባለቤቱ «ሾፌሩ ነካክቶት ነው» አለ፤ ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ሽማግሎቹስ ማንን ጠሩ? እኔን። ገመዱን የሚያውቀው እሱ ነው ብለው። የተቃጠለውን ገመድ መሀል አስቀምጠው «ልጄ፣ እኛ ይኼን አናውቅም፤ አይተህ እውነቱን ንገረን» አሉኝ። የገዛ ናስትሮዬን አገላብጬ አየሁት። ከዚያ «ከእኔ በኋላ ሰው ነክቶታል» አልኩ።

ጋሽ መኳንንት አንገታቸውን ደፉ። «እሱ ካለ ልክ ነው። አንድ ቀን ድምፁ ሲቆራረጥ በእጄ መታ መታ አድርጌው ነበር» አሉ። በዚያው የመናኸሪያ ዘበኛ ሆነው ቀሩ። እኔ በወሩ ወደ ሱዳን ተነሳሁ። ለእንጀራ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ ሽሽት ነበር።

መተማን እንደተሻገርን አንድ ፖሊስ ሥራዬን ጠየቀኝ። የመኪና ኤሌክትሪሻን ነኝ ስለው የተበላሸ የእጅ ባትሪውን አወጣና «እስቲ ሥራልኝ» አለ። ሠራሁለት። «ይኼ ሐበሻ እውነቱን ነው» ብሎ አሳለፈኝ። «እውነቱን ነው» ሲለኝ እንኳ አፈርኩ።

ካርቱም ሙቀቱ ሌላ ነው። የደባርቅን ጭጋግ በጆንያ ብትልኩልኝ እላለሁ። ጠዋት ፉል፣ ማታ ፉል፤ ሽሮ በሕልሜ ነው የማየው። አከራዬን ሐጃን «ክፍሉ መስኮት የለውም እኮ» ብላቸው «መስኮት ምን ያደርግልሃል፣ ፀሐይዋ እንድትገባ?» አሉኝ። ነገሩ ልክ ነው።

ሥራ ያገኘሁት ኡስታ ባቢክር ከሚባል ባለ ጋራዥ ዘንድ ነው፤ «ኡስታ» የባለሙያ መጠሪያ ነው። አንድ ቀን አንድ አስተማሪ መኪናውን ሊሸጥ ፈልጎ «የፋብሪካውን ሬዲዮ መልሱልኝ» ብሎ መጣ። ኡስታ ቴፑን ነቅሎ ከጀርባው ያለውን ገመድ ሳበው። ሶኬቱ ተቆርጧል፣ ገመዱ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል፣ በፊውዙ ቦታ ሽቦ ተሰክቷል። «ሐራሚ» አለ፤ ሌባ ማለቱ ነው። «ይኼን የሠራ ሰው ሰነፍ ብቻ አይደለም። ሰው ሊያቃጥል ነበር።» እኔን የሰደበኝ መሰለኝ። እጄን የት ላድርገው።

ኡስታ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከአሮጌ መኪና ሶኬቱን ከነገመዱ አመጣን። የትኛው ገመድ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ እንዳለው፣ የትኛው በቁልፍ እንደሚነሳ፣ የትኛው ወደ ድምፅ ማጉያው እንደሚሄድ በመሞከሪያ መብራት እየለየሁ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። አንድ በአንድ በእርሳስ በየድኩ፣ ለየብቻ ሸፈንኩ፣ ትክክለኛውን ፊውዝ አስገባሁ። ሬዲዮው ቦታው ገባና ዜና ማንበብ ጀመረ። «ታማም» አለ ኡስታ፤ ልክ ነው ማለቱ ነው። አስተማሪው ሲያመሰግነኝ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ለካ የሁለት ቀን ትዕግሥት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

በዚያው ሳምንት ለጋሽ መኳንንት ደወልኩ። ከጤና ይስጥልኝ በኋላ «ጋሼ፣ ያ ገመድ» ስል አቋረጡኝ።

«ተወው ልጄ። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ። ሴትዮዋም እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር ብለውኛል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ።»

እሳቸውም እንዲህ ጠየቁኝ፦ «ያን ዕለት ሽማግሎቹ ፊት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲያው ለእኔ ብቻ መንገር አይበቃም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹን ደጀ ሰላም አስቀምጣቸዋለሁ። ያን ጊዜ ደውልና ለእነሱ ንገራቸው።»

አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት እሁድ አለፈ። ስልኩን አነሳለሁ፣ ቁጥሩን እጀምራለሁ፣ እተወዋለሁ። ለእናንተ መጻፍ የቀለለኝ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ትናንት እህቴ ደውላ «ለሽማግሎቹ የምትነግራቸው ምንድን ነው?» አለችኝ። «በየእሁዱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታቸው አይሄዱም። ጋሽ መኳንንትም ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው አብረዋቸው ይቀመጣሉ።»