የጀሶው ጠረጴዛ

መናኸሪያ አካባቢ በነበረው የሸክላ ስቱዲዮ ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለቤቱ ጋሽ ተሾመ ሦስት ጠረጴዛ አሳዩኝ። አንዱ ሲሚንቶ፣ አንዱ ሸራ የተወጠረበት እንጨት፣ አንዱ ከላዩ ጀሶ የፈሰሰበት። «አየሩ እስኪወጣ ጭቃ የምታሺበትን ምረጪ» አሉኝ።

ጀሶውን መረጥኩ። ውሃውን ቶሎ ስለሚመጥ፣ ሸራ ላይ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ጭቃ እዚያ ወዲያው ይጠነክራል። ችኩል ነኝና ወደድኩት። ጋሽ ተሾመ ግን አስጠነቀቁኝ፤ «በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል እንጂ ብረት አይነካውም። የጀሶው ፍቅፋቂ ጭቃው ውስጥ ከገባ ሸክላው ይፈነዳል።»

አብረውን የሚሠሩት እትዬ ማርታ ግን ከሸራው ጠረጴዛ ንቅንቅ አይሉም። አፈሩን ከከተማው ወጣ ካለችው ከቱላ ቆፍረውና ነፍተው የሚያመጡልን እሳቸው ነበሩ፤ የሚተዳደሩትም በዚሁ ነው። ጀሶዬን ሲያዩ «እሱን አላምነውም» ይላሉ። እኔም «እርስዎ ሲጠብቁ እኔ ሦስት ሳህን እጨርሳለሁ» እያልኩ እቀልድባቸው፣ እሳቸውም መልሰው ይቀልዱብኝ ነበር።

ከከተማችን ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል የሾርባ ሳህን አዘዘን። ጭቃውን የማሸው እኔ ነበርኩ። ማስረከቢያው ሲደርስ ጀሶው ላይ ጭቃ ደርቆ ተጋግሯል። እስኪርስ መጠበቅ አስጠላኝና በብረት ፋቅኩት። ጭረቱን አየሁት፤ አዲሱን ጭቃ ከላዩ ጣልኩበት።

ሳህኖቹ ከምድጃ ያላንዳች እንከን ወጡ። ከሳምንት በኋላ ሆቴሉ መለሳቸው። ገላቸው እየተፈነቀለ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል፤ በየጉድጓዱ ውስጥ ነጭ ነጥብ ይታያል።

ጋሽ ተሾመ አንዱን ሳህን እትዬ ማርታ ፊት አስቀመጡ።

«ይሄ ኖራ ነው። አፈርዎ ኖራ አለበት።»

«የኔ አፈር ኖራ የለውም። እናቴም ከዚያው ነው የምትቆፍረው።»

«ከሰኞ ጀምሮ ከሌላ ቦታ እናስመጣለን።»

ኖራም ሆነ ጀሶ ከምድጃ ከወጣ በኋላ እርጥበት እየሳበ ሸክላውን ያፈነዳል፤ ሁለቱ በዓይን አይለዩም። እኔ ግን የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ጋሽ ተሾመ ወደ ጠረጴዛዬ በቀረቡ ቁጥር ጭረቱ ላይ ጭቃ እከምርበት ነበር።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ማርታ መሣሪያቸውን በጨርቅ ሲጠቀልሉ አላስቻለኝም። ጋሽ ተሾመን ጠርቼ ጭቃውን አነሳሁ።

«በብረት የፋቅኩት እኔ ነኝ።»

ጣታቸውን ጭረቱ ላይ አስኬዱ። «ሳህኖቹን በሙሉ ደግመሽ ትሠሪያለሽ» አሉ። ቀጥለው ወደ እትዬ ማርታ ዞረው ይቅርታ ጠየቁ። እኔም ጠየቅኩ።

እትዬ ማርታ ጥቅልሉን እየፈቱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ሁለት ቀን ሙሉ እያወቅሽ ዝም አልሽ» አሉኝ። እኔ እዚያ እስከነበርኩ ድረስ አፈሩን አመጡልን። ከእኔ ጋር ግን ዳግመኛ አልቀለዱም።

ጀሶ መጥፎ አይደለም፤ የታጋሽ ሰው ነው። የምታሹበትን ስትመርጡ ከጭቃው እርጥበት ሌላ የራሳችሁንም ጠባይ እዩ። ችኩል ከሆናችሁ ሸራ ይሻላችኋል። ጀሶውን ብረት ካስነካችሁ ደግሞ ጭቃውን ጣሉና በዚያው ቀን ተናገሩ።