ማንም ያልሳቀበት ስህተት

ኦርቪል ፕሩት በስልሳ ስምንት ዓመቱ የሚኮራበት ነገር ብዙ አልነበረም። ሚስቱ ትታው ከሄደች ሃያ ዓመት አልፏል፣ ጉልበቱ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሏል፣ ላስ ቬጋስ ዳር ያለችው ቤቱም ጣሪያዋ ከተበሳ ከርሟል። አንድ ነገር ግን ነበረው። የተጣለ ካርታ አይረሳም። ስምንት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ስድስቱ ጥለው ሲወጡ፣ ማን ፊት ምን ተገልጦ እንደ ነበር ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢጠይቁት አንድ በአንድ ይነግርዎታል። ከሃያ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ የኖረው በዚህ ነው። አለቃም ጡረታም ኖሮት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ግን መኪናውን የት እንዳቆመ ሁለት ጊዜ ጠፋበት። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ምድጃ ላይ የጣደውን ቋሊማ ትቶ ወጣና ጎረቤት ጭሱን አይቶ እሳት አደጋ ጠራ። ሬኖ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ልጁ ሎሬይን ወሬው ሲደርሳት የሰባት ሰዓት መንገድ ነድታ መጣች።

«አባዬ፣ መንዳት ይብቃህ። እኔ ጋ ና፤ ክፍሉ እንደሆነ ባዶ ነው።»

«ቋሊማ ስላሳረርኩ? እናትሽ ስንት ዓመት ስታሳርር ማንም የመኪና ቁልፍ አልቀማትም።»

«አትቀልድ። ቤቱን ልታቃጥለው ነበር።»

«ቤቱ የኔ ነው። ባቃጥለውም የኔ ነው።»

«አንተስ የማን ነህ?»

ኦርቪል መልስ ሲያጣ እንደሚያደርገው ውርርድ አመጣ። በሰኔ መግቢያው አሥር ሺ ዶላር የሆነ ድብልቅ የፖከር ውድድር አለ። ሦስት ቀን፣ አምስት ዓይነት ጨዋታ፣ በዓለም ላይ አሉ የተባሉ ተጫዋቾች። እዚያ ገብቶ አንዱ ጨዋታ ካንዱ ካልተምታታበት ጭንቅላቱ ደህና ነውና ሎሬይን ዳግመኛ ነገሩን አታነሳም። ከተምታታበት ቤቱን ዘግቶ፣ ቁልፉን አስረክቦ ሬኖ ይገባል።

«መምታታትህን ማን ይነግረኛል?» አለችው።

«እኔ ነኛ።»

«አንተ?»

«በካርታ ያልዋሸሁት ሰው የለም። አንቺን ግን ዋሽቼሽ አላውቅም።»

ይህ እውነት ነው። አባትነቱ ሌላ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ይህ ግን አልነበረበትም። ሎሬይን እጁን ጨበጠች። «ብታሸንፍም ብትሸነፍም ግድ የለኝም፤ ብቻ እንዳይምታታብህ» ብላው ተመለሰች።

የዚያ ውድድር ጠባይ ለየት ይላል። ካርታው ስምንት ጊዜ ታድሎ በተሰበሰበ ቁጥር፣ ማለት በየስምንት እጁ፣ ጨዋታው ይቀየራል። በአንዱ ትልቅ ካርታ ያለው ይበላል፣ በሌላው ትንሽ ያለው፣ በሌላው ደግሞ ትልቁና ትንሹ መሀል የተከመረውን እኩል ይካፈላሉ። አንዱ ዘንድ ወርቅ የሆነ ካርታ ሌላው ዘንድ ገለባ ነው። የትኛው ጨዋታ ላይ እንዳሉ የሚናገረው ካርታ አዳዩ ፊት የቆመች መዳፍ የማታህል ሰሌዳ ናት። ያለውን ሁሉ በአንዴ ወደ መሀል ገፍቶ የሚነሳ ጀግናም እዚያ የለም። የሚመደበው ልክ አለው፤ በአንድ ዙርም የመጀመሪያውን ጨምሮ ከአራት ጊዜ በላይ አይመደብም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ጨዋታ ይመስላል። ታዲያ የምደባው ልክ በየሰዓት ተኩሉ ያድጋል። በመጀመሪያው ቀን ሰው ፊት ያለው ቺፕ፣ ያ በገንዘብ ፈንታ የሚመደበው ክብ፣ ሁለት መቶ ምደባ ይችላል፤ አንድ ስህተት ቢሠራ እንደ ዝንብ እሽ ብሎት ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ያው ክምር አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ምደባ ቢችል ነው። ሰዎቹ ያው፣ ካርታውም ያው፤ አንዲት ስህተት ግን ሰውን ከነወንበሩ ትገለብጠዋለች።

ኦርቪል ለዚህ የተፈጠረ ሰው ነበር። ወጣቶቹ መጀመሪያ ቀን ሲጣደፉ እሱ ጥሎ ይወጣል፣ ይጠብቃል፣ ጥቂት ይለቅማል። በማስታወሱ ላይ ግን እሱም የልቡን ያውቃልና ዘዴ አበጀ። ስምንት ቺፕ ለብቻ ደርድሮ አንድ እጅ ባለቀ ቁጥር አንዱን ይገለብጣል። ስምንቱም ሲገለበጡ ጨዋታው ተቀየረ ማለት ነው። ሰሌዳዋን ለምን አያይም ትሉ ይሆናል። ሰሌዳ ደጋግሞ የሚያየው ጀማሪ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመት የተጫወተ ሰው አንገቱን ሲያሰግግ መታየት አይፈልግም። ኩራት ነው እንግዲህ። እኔ ብሆን አየው ነበር፤ እኔ ግን ኦርቪል አይደለሁም።

ሁለቱ ቀናት በደህና አለፉ። ማታ ማታ ለሎሬይን እየደወለ «ዛሬም አልተምታታብኝም» ይላት ነበር፤ እውነቱንም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሃያ ሁለት ሰው ቀርቶ ከሌኒ ካስትልማን ጋር አንድ ጠረጴዛ ደረሳቸው። ሌኒ የሠላሳ ዓመት ወዳጁ ነው፤ ቦርጫም፣ ለፍላፊ፣ ሐሙስ ሐሙስ ቤቱ ለሚደረገው ጨዋታ ለኦርቪል እየደወለ ቦታ የሚይዝለት።

«እስካሁን አለህ እንዴ?» አለው ሌኒ።

«አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?»

«ለቀብሬማ ሌላ ሸሚዝ ግዛ። ያ ሸሚዝ እኮ ሁለተኛዋን ሚስቴን ከማግባቴ በፊት የነበረ ነው።»

«ሸሚዙ ቆየ፤ እሷ አልቆየችም።»

ጠረጴዛው ሳቀ። አዳይዋ እንኳ፣ እነዚህን ሽማግሌዎች ስትሰማ ዓመታት ያለፏት ሴት፣ ፈገግ አለች።

ከሰዓት በኋላ፣ የእራት እረፍት ሊደርስ ትንሽ ሲቀር፣ ጨዋታው ትልቅ ካርታ ብቻ የሚበላበት ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው በአደላደል መንትያው ነው፤ ያው ሰባት ካርታ፣ ያው አራቱ ተገልጦ ሦስቱ ተሸፍኖ። ልዩነቱ አንድ ነው፦ በዚያኛው ትልቁና ትንሹ ይካፈላሉ። ኦርቪል በስድስተኛው እጅ ቺፑን ካርታው ሲታደል ገለበጠ፤ ያው እጅ አልቆ ካርታው ሲሰበሰብ ደግሞ ሌላ ገለበጠ። ሁለቴ መገልበጡን አላወቀም። ስለዚህ ስምንተኛው እጅ ሲታደል በእሱ ቤት ጨዋታው ተቀይሯል።

ተሸፍነው የመጡለት አንድና ሁለት ናቸው። ፊቱ ላይ አራት ተገለጠ፣ ቀጥሎ ሰባት፣ ቀጥሎ ስድስት። ለሚካፈሉበት ጨዋታ ይህ ከሰማይ የወረደ ነው፤ አምስት የተለያዩ፣ ሁሉም ከስምንት በታች፤ ግማሹ ኪሱ ገባ ማለት ነው። ትልቅ ካርታ ብቻ ለሚበላበት ግን ባዶ እጅ ነው። ሌኒ ፊት ሁለት ንግሥትና አንድ ዘጠኝ ተገልጧል። በመካከላቸው ከሂውስተን የመጣ፣ በከተማው ስም ሂውስተን የሚሉት አንድ ዝምተኛ ሰው ጥንድ ይዞ፣ የተመደበውን ያህል እየከፈለ ይከተላል።

ሌኒ መደበ። ሂውስተን ተከተለ። ኦርቪል ጨመረ። ግማሹ የእሱ ነውና ባለንግሥቱና ዝምተኛው በጨመሩ ቁጥር እሱ ይሰባል፤ ሁለት ሰው ሲፋጅ በመሀል ቆሞ መሰብሰብ የዚያ ጨዋታ ትልቁ ጥበብ ነው። ሌኒ መልሶ ጨመረ፣ ኦርቪልም የመጨረሻውን ጨመረ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ደስታ ከተሰማው ቆይቷል። ጭንቅላቴ ደህና ነው አለ በልቡ፤ ማታ ለሎሬይን የሚላትን ሁሉ አሰበው።

ስድስተኛው ካርታ ወረደ። ሂውስተን ጥሎ ወጣ። ሌኒ ኦርቪልን አየው፣ ሰሌዳዋን አየ፣ እንደገና ኦርቪልን አየው። ከዚያ መደበ። ኦርቪል ጨመረ። ሌኒ ጨመረ። ኦርቪል ደግሞ ጨመረና አራት ሞላ። ሰባተኛው ካርታ ተሸፍኖ ሲመጣ ሌኒ ሳይመድብ አለፈ፤ ኦርቪል መደበ፤ ሌኒ ምንም ሳይጨምር ተከተለ። ከአሥራ ሦስቱ ምደባ ኦርቪል ፊት ሁለት ቀርቷል።

ሌኒ ሁለት ንግሥትና ሁለት ዘጠኝ ዘረጋ። ኦርቪልም አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ሰባቱን ደርድሮ ዘረጋና «ግማሹን» አለ።

አዳይዋ ክምሩን በሙሉ ወደ ሌኒ ገፋች።

«ግማሹ የኔ ነው እኮ» አለ ኦርቪል።

ሴትዮዋ በጣቷ ሰሌዳዋን ጠቆመች። ሰሌዳዋ እዚያው ነበረች፣ ሲጀመርም እዚያው ነበረች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚህ ሙያ ጨዋታ ያልተምታታበት ሰው የለም። ሲምታታ ደግሞ ይሳቃል፤ የሳቁ ደስታ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ሌኒ ከዓመታት በፊት ትንሽ ካርታ በሚበላበት ጨዋታ ሦስት ንጉሥ ይዞ እስከ መጨረሻው ጨምሮ ነበርና እስከ ዛሬ «ንጉሥ ሌኒ» ይባላል። በመቃብሩ ላይ ሳይጻፍ አይቀርም። ስም ወጥቶለት፣ ተቀልዶበት፣ ቢራ ተጋብዞ ነገሩ ያበቃል።

ኦርቪል ሳቁን ጠበቀ። ቀና ብሎ ሲያያቸው አንዱ ቺፑን ይደረድራል፣ አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሂውስተን ጫማውን ያያል። ሰባት ሰው አንድ ላይ ዝም አለ። ሲስት እንደ ጤነኛ ቢቆጥሩት ኖሮ በሳቅ ይገድሉት ነበር። ያልሳቁት ስላወቁ ነው፣ ያወቁትም ዛሬ አይደለም። ከሽንፈቱ ይልቅ የከፋበት ይህ ነበር።

የእራት እረፍት ሆነ። ኦርቪል ሌኒን ኮሪደር ላይ አገኘው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ምኑን?»

«ሌኒ።»

ሌኒ የውሃ ጠርሙሱን ክዳን ከፈተ፣ ሳይጠጣ ዘጋው። «ሁለት ዓመት ይሆናል። ትንሽ ሳይበልጥ አይቀርም።»

«ሌሎቹስ?»

«ሁሉም ያውቃሉ። ሂውስተን እንኳ ትናንት ‹ሰውዬው ደህና ነው?› ብሎ ጠየቀኝ።»

«ስድስተኛው ካርታ ላይ ሰሌዳውን ስታይ አይቼሃለሁ።»

«አዎ፣ አየሁ። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ እጅ ሳያልቅ ለሰው አይነገርም።»

«መናገርማ አይቻልም። አለመጨመር ግን ይቻል ነበር።»

ሌኒ ጠርሙሱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ሐሙስ ሐሙስስ? እየደወልክ ትጠራኝ የነበረው?»

«ወንበሩ ያንተ ነዋ። ወንበርህን ማንም ሊነካብህ አልፈለገም።»

«ወንበሬን ነው የፈለጋችሁት ወይስ ገንዘቤን?»

ሌኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየው። «ሁለቱንም» አለ።

ስለዚህች መልስ ኦርቪል ሊጠላው አልቻለም። ሠላሳ ዓመት አብረው በካርታ ሰው በልተዋል፤ የደከመውን አይተው የሚያዝኑለት ገንዘቡን ከወሰዱ በኋላ ነው። እሱም ሌሎች ሽማግሌዎችን እንዲሁ እየጠራ፣ ወንበር እየያዘ፣ እያዘነ በልቷል። ከእነሱ አንዱ ስሙ ማን እንደ ነበር ሊያስታውስ ሞከረና አቃተው።

ከእራት በኋላ ገብቶ ተቀመጠ። ሰሌዳዋን በግልጽ፣ አንገቱን አስግጎ፣ በየእጁ አየ። ሁለቷን ምደባ በደህና ካርታ ላይ አዋለ፤ ሌላው ተጫዋች ከእሱ የተሻለ ያዘና አለቀ። ተነሥቶ እያንዳንዱን ጨብጦ ወጣ። ሌኒን ጨበጠ፣ አዳይዋንም አመሰገነ።

ውጭ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ አስፋልቱ ሙቀቱን ይተፋል። ስልኩን አወጣ።

«ወጣሁ» አላት።

«እንዴት?»

«ጥሩ ይዤ ሳለ የተሻለ ተያዘብኝ።» ይህም እውነት ነበር፤ የመጨረሻው እጅ እውነት።

«ካርታው ብቻ ነው? ሌላ የለም?» እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። «ተመስገን። አባዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ክፍሉን ቀለም ቀብቼ፣ አልጋ አስገብቼ፣ እንዳትመጣ ስጸልይ ነበር። ይገባሃል?»

ገባው። አፉን ከዘጋ ማንም አይነግራትም። ሰባቱ ሰዎች ሁለት ዓመት ዝም ብለዋል፤ ከዚህ በኋላም ዝም ይላሉ፤ ሐሙስም ይደውሉለታል። እሷም በደስታ ትተኛለች። ዝም ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነ፣ ለሚወዱት ሰው ሲሉ ዝም ያሉ መምሰልም እንዴት ቀላል እንደሆነ ያን ጊዜ ታየው።

«ሎሬይን፣ ስሚኝ» አላት። «ከዚያ በፊት ሌላ እጅ ነበር። ጨዋታው ጠፋኝ። ፊት ለፊቴ ተጽፎ ሳለ ጠፋኝ።»

ሳቋ ቆመ።

«እሺ» አለች። «እሺ አባዬ። ነገ በጠዋት ተነሥቼ እመጣለሁ።»

«ነገ አትበዪ። አሁን ተነሺ።»

«አሁን? ሌሊቱን ሙሉ ልነዳ?»

«ነገ ስትመጪ እንዲህ አላልኩሽም ብዬ ልከራከርሽ እችላለሁ። ረስቼው ነውና እየዋሸሁሽ መሆኑንም አላውቀውም።»

ኦርቪል ወንበር ሲገፋ፣ ቀጥሎም በር ሲከፈት በስልኩ ውስጥ ሰማ።