ዱላ የማይሸሸው ውሻ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ከመስከረም እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በምኖርባት በአማኑኤል ከተማ ነው። የሞተው ውሻ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ቢሆንም የልጄ አደራ ስለነበረና የጠፋውም በእኔ አውቃለሁ ባይነት ስለሆነ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል።

ልጄ ይታይሽ ደጀን ላይ ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ለመስቀል ስትመጣ በአይሱዙ ኋላ አንድ ዳማ ውሻ አስጭና መጣች። የጭነት መኪኖች በሚያድሩበት ቦታ ሲንከራተትና ሲደበደብ አግኝታው ነው። ጎኑ ላይ ጠጉር ያልበቀለበት ጠባሳ ነበረው። እኔን ከነዱላዬ በር ላይ ሲያየኝ ሽንቱን ለቀቀና ማገዶው ሥር ተወሸቀ።

"አባባ፣ አደራዎን፣ ይሄን ውሻ ሰው ያድርጉልኝ" አለችኝ።

"ሰው የሚፈራ ውሻ ደግሞ ምን ይሠራል?" አልኋት። ግን ተቀበልሁ። በመልኩ ዳማ አልነው።

እኔ አናጢ ነኝ። ንባብንም ሙያዬንም ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ አይቼና ሞክሬ ነው የያዝሁት። ውሻውንም በራሴ መንገድ ላስተምረው ተነሣሁ። በአገራችን ወንድ ያለ ዱላ ከቤት አይወጣም፤ ዳማ የሚፈራው ደግሞ ዱላን ነው። ዱላን ከለመደ ሌላው ይቀላል ብዬ አሰብሁ።

መጀመሪያ ዱላዬን መሬት ላይ አጋድሜ፣ ጫፉ አጠገብ ቁራሽ ዳቦ አስቀምጬ ዞር እል ነበር። እያየሁት አይመጣም፤ ስሄድ ይበላል። ሲሰነብት በፊቴ መብላት ጀመረ። ቀጥዬ ዱላውን በእጄ ይዤ፣ በኋላም ወደ ላይ አንሥቼ አስለመድሁት። ዱላው ከፍ ሲል ቁጭ ይላል፤ አንጋጦ ያየኛል፤ ዳቦውን እሰጠዋለሁ። ኅዳር ሲያልቅ ጭራውን እየቆላ በር ላይ ይቀበለኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ ልጆቼን እንኳ እንዲህ በትዕግሥት አላሳደግሁም።

ጎረቤቴ አለነ ይስቅብኝ ነበር። "አያ በላይ፣ ይሄ ውሻ ነው እንግዲህ? ሌባ ቢመጣ አንተ ልትጮህለት ነው?"

"እስኪ አንተ ዱላህን አንሣበት" አልሁት። አነሣ። ዳማ ቁጭ ብሎ ጭራውን ቆላ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የመጣውን ወንድ ሁሉ ዱላ ማስነሣት ጀመርሁ። ኮርቼበት ነበር።

ይታይሽ ለገና መጥታ ይህን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። "አባባ፣ የእርስዎን ዱላ ቢያምን ደግ ነው። የሰውን ሁሉ እንዲያምን ለምን ያደርጉታል?"

"ፍርሃት ደዌ ነው፤ ከሥሩ ነው የሚነቀል" አልኋት። በቤቴ ከእኔ ቃል በላይ ቃል የለም።

ከጥምቀት በኋላ በአንድ የገበያ ቀን፣ የግቢውን በር ሳልዘጋ ጣውላ ስልግ "ያበደ ውሻ! ያበደ ውሻ!" የሚል ጩኸት ከመንገድ ሰማሁ። ስወጣ ዳማ ተጋድሟል። በግ የሚነዳ አንድ ገበሬ ዱላውን እንደያዘ አጠገቡ ቆሟል።

"የእርስዎ ነው? ይቅር ይበሉኝ አባቴ" አለኝ። "ወደ በጎቼ መጣ። ዱላ አነሣሁበት። ጤነኛ ውሻ ይሸሻል እኮ! ይሄ ቁጭ ብሎ አፈጠጠብኝ። ያበደ መሰለኝ።"

ልቆጣው ነበር፤ ተውሁት። ሰውዬው ምን አጠፋ? በአገራችን ዱላ ተነሥቶበት የማይሸሽ ውሻ ያበደ ነው፤ እኔም ብሆን እመታው ነበር። ዳማ ግን ዳቦውን ነበር የሚጠብቀው።

"አላበደም። እንዲህ ያስተማርሁት እኔ ነኝ" አልሁት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። የዳማን መቅበሪያ አብሮኝ ቆፍሮ በጎቹን ነድቶ ሄደ።

ለይታይሽ ስልክ ደወልሁ። መኪና ገጨው ልላት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቼን ስለ ውሸት ስገርፍ የኖርሁ ሰው ነኝና አፌ እምቢ አለኝ። ሁሉንም ነገርኋት። "ሲመታው ቁጭ ብሎ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እሺ አባባ" ብላ ዘጋችው። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ልጅ ለምታሳድጉ ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ ፍርሃት ሁሉ ደዌ አይደለም፤ አንዳንዱ ጠባቂ ነው። እኔ ዳማን ያንኑ አንድ ጠባቂውን አስጣልሁት፤ ከግቢዬ ውጭ ያለውን ሰው ግን ዱላ ማስጣል አልቻልሁም።

ዛሬም ዱላዬን ይዤ ነው የምወጣው። የመንገድ ውሻ አይቶኝ ጥጉን ይዞ ሲሸሽ ድሮ ልብ አልለውም ነበር። አሁን ቆም እልና "ደግ አደረግህ፣ ሂድ" እለዋለሁ። ከሩቅ ዞሮ ያየኛል። ያን ጊዜ ዱላዬን ከትከሻዬ አውርጄ መሬት ላይ ላጋድምለት ያምረኛል። አላደርገውም።