ቡድናችን የማይጫወትበት ቅዳሜ

በከተማችን፣ በበረዶው ወራት ከገና ቀጥሎ የሚመጣው አዲስ ዓመት በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ የሠርግ ቀን ነው። ሌሎቹ የሐይቅ ዳር ከተሞች ያን ቀን አይነኩትም። የእግር ኳሱ ጥሎ ማለፍ የሚጀመርበት ስለሆነ፣ ሙሽራ ቢገኝ እንኳ ሚዜ አይገኝም። እግር ኳስ የምንለው ያንን በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን ሞላላ ኳስ ነው። የእኛ ቡድን ግን ከዓመት ዓመት ከጥሎ ማለፉ ደጃፍ እየተመለሰ ቀኑ ባዶ ሆነ። ባዶ ቀን ደግሞ ሰው ይሞላዋል። ጉልበቱን ቀዶ ጥገና የሚደረግ በዚያ ቅዳሜ ዋዜማ ይቀጠራል፤ ክርስትና ይነሣበታል፤ ቤት ይቀየርበታል።

ልማዱን የጀመረችው በርናዲን ፓቭላክ ናት። ባሏ በብረት ፋብሪካው አቧራ ሳንባው ታሞ ከሞተ በኋላ፣ የሰበካችንን አዳራሽ የምታከራየውም፣ ዓርብ ዓርብ ሥጋ ለማይበላው ምእመን ዓሣ የምትጠብሰውም እሷ ነበረች። እኔ በከተማው ኮሌጅ ፍልስፍና ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የዓርብ ዓሣዬን ለሃያ ዓመት የበላሁት ከእጇ ነው።

መጀመሪያ የመጡት ሙሽሮች የቸኮሉ ነበሩ። የልጅቱ ሆድ ገፋ ብሏል።

«ያለኝ አዲስ ዓመት በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ ብቻ ነው» አለቻቸው።

ልጁ ደነገጠ። «ቡድኑ ጥሎ ማለፍ ቢገባስ?»

በርናዲን ከመነጽሯ በላይ አየችው። «የኔ ልጅ፣ ቡድኑን አይተኸዋል?»

ተጋቡ። በዚያ ዓመት በመጨረሻው ጨዋታ መጨረሻ ላይ የተመታው ኳስ የግቡን ቋሚ ገጭቶ ተመልሶ ወጣ። እነሱም እስከ ዛሬ «የቋሚዎቹ» ይባላሉ፤ በሆድ የነበረችው ልጅ አሁን መኪና ትነዳለች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቅዳሜ የተጋባ ሁሉ ስሙን ያገኘው ቡድኑ ከቀረበት መንገድ ነው። እኛ አሸንፈን፣ መሸነፍ የነበረበት ሌላ ቡድን በሩቅ አገር በማሸነፉ የቀረንበት ዓመት አለ። ገና ቅጠል ሳይረግፍ አሠልጣኙ የተባረረበት ዓመት አለ። የዚያ ዓመት ሙሽሮች አዳራሹን የያዙት በማግስቱ ነው፤ ሁለት ሌሎች ጥንዶችን ቀድመው። ገበያ ላይ የማያውቁት ባልና ሚስት ሲገናኙ «እናንተ የየትኛው ናችሁ?» ይባላል። «የአሠልጣኙ!»

ሌላው ከተማ ዋንጫውን በመስታወት ሣጥን አስቀምጦ ያያል። እኛ የምናስቀምጠው የለንም። ሆኖም አንድ ነገር ሳይሆን መቅረቱም በሰው ኑሮ ውስጥ ቦታ ይይዛል፤ ልጆች ይወለዱበታል። ይህን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ዓመታት በከባድ ቃላት ደከምኩ። በርናዲን ቢሮ ወስጄ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ባሳያቸው ይበቃ ነበር።

አንድ ሕግ ነበራት፤ አንዴ የተያዘ ቀን አይለወጥም። በአንደኛው ዓመት ቡድናችን እስከ ገና ድረስ ተስፋ ነበረው፤ አንዲት የጥርስ ሐኪም ረዳት እያለቀሰች መጣች።

«አባቴ ቡድኑ ከገባ ሠርግሽ ላይ አልገኝም አለኝ።»

«ጥሩ ነው» አለቻት በርናዲን። «ከቡድኑና ከልጁ የሚመርጠውን ታውቂዋለሽ። ቀኑ ግን አይነቃነቅም።»

ቡድኑ ተሸነፈ፤ አባትየው መጥቶ እስኪያልበው ፖልካ ጨፈረ። በርናዲን «ልክ ነበርኩ» አለች። ለእኔ ግን፣ ቡድኑ ስላልገባ፣ ልጅቱ የአባቷን ምርጫ እንዳላወቀች፣ እንደማታውቅም ገብቶኝ ነበር።

ካዝሚር ዱዴክ፣ ሁላችንም ካዝ የምንለው፣ የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሠላሳ ዓመት የነዳ፣ ሳያገባ የሸመገለ፣ ቃል የሚቆጥብ ግዙፍ ሰው ነው። ከወንድሙ ከስታሽ ጋር ስታዲየም ውስጥ ጎን ለጎን፣ ለዓመቱ ጨዋታ ሁሉ የሚከፍሉባቸው ሁለት ወንበሮች ነበሯቸው። ቡድናችን ለመጨረሻ ጊዜ ጥሎ ማለፍ ሲገባ ጨዋታው በሜዳችን ነበር፤ የዚያን ዕለት ከሐይቁ የመጣው በረዶ ከተማውን ቀበረው። ካዝ ተረኛ ነበር። ሰባ ሺህ ሰው ስታዲየም እንዲደርስ መንገዱን የጠረገው እሱ፣ ያልደረሰውም እሱ። ስታሽ ብቻውን አይቶ ተመለሰና «ግድ የለም፣ የከርሞውን አብረን እናያለን» አለው። የከርሞው አልመጣም። በአራተኛው ዓመት ስታሽ በልብ ድካም ሞተ። ካዝ ሁለቱንም ወንበሮች አልለቀቀም፤ በአንዱ ይቀመጣል፣ በአንዱ ኮቱን ያስቀምጣል።

በርናዲንን እንድታገባው የጠየቃት በጾሙ ወራት፣ ዓርብ ቀን፣ ዓሣ ለመውሰድ ሳህኑን ይዞ ተሰልፎ ነው።

«በርኒ፣ ብንጋባ ምን ይመስልሻል?»

«ሰው ከኋላህ ቆሟል፣ ካዝ። ጎመን ይጨመርልህ?»

«ይጨመር።»

«እንግዲያውስ እሺ።»

እሷ ስድሳ ሁለት፣ እሱ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ቀን ሲቆረጥ፣ ለሌላው ስትሰጠው የኖረችውን ያንኑ ቅዳሜ ለራሷ ሰጠች፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ካዝ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ማንም ምንም አላሰበም። እኔም ሰምቼ «መልካም» ብያለሁ።

መኸር ሲገባ ቡድናችን ማሸነፍ ጀመረ።

መጀመሪያ ተሳቀ። ከዚያ ሣቁ ቀነሰ። ገና ሲያልፍ ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ እሑድ ተጠቀለለ፤ ያን ጨዋታ ካሸነፍን ጥሎ ማለፍ እንገባለን፣ የጥሎ ማለፉም ጨዋታ በሜዳችን፣ ሠርጉ በተቆረጠበት ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ይሆናል። ሴቶቹ በርናዲንን ከበቧት።

«ቀኑን ገፋ አድርጊው እንጂ፣ አንቺ ሴት!»

«ለሰው ልጅ ያልገፋሁትን ለራሴ ልግፋ? ያቺ የጥርስ ሐኪም ረዳት ምን ትለኛለች?»

ካዝ አንድም ቃል አልወጣውም። ይመጣል፣ ዓሣውን ይበላል፣ ድስት ያጥባል፣ ይሄዳል። «የገደለኝ ዝምታው ነው» አለችኝ። «እቀራለሁ ቢለኝ በመጥበሻ አናቱን እለው ነበር። እመጣለሁ ቢለኝ እስመው ነበር። ዝም ያለን ሰው ምን ታደርገዋለህ?»

የዚያን እሑድ ጨዋታው በሌላ የሐይቅ ዳር ከተማ ስለነበር፣ በቴሌቪዥን ሊያይ በመጣ ሰው አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በሁለት ነጥብ እየተመራን አራት ሰከንድ ቀረ። ኳሷ ወደ ግቡ ልትመታ ተዘጋጀች፤ ከገባች ሦስት ነጥብ አግኝተን አሸንፈናል። ተጋጣሚው ቡድን መቺያችንን ለማስጨነቅ ጨዋታውን አስቆመ፤ ቴሌቪዥኑ የጎማ ማስታወቂያ ማሳየት ጀመረ። ያኔ በርናዲን እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከኩሽና ወጣችና ካዝ ፊት ቆመች።

«ካዝ፣ አሁን ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ የት ነህ?»

«በርኒ፣ ልጁ ሊመታ ነው እኮ።»

«ለዚህ ነው አሁን ያልኩህ። ከመታ በኋላማ መልስህ ምን ይሠራልኛል?»

ከኋላ ዩጂን የሚባለው፣ ቢራ የሚያናግረው ጎረቤታችን ጮኸ። «ሴትዮ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ዞር በይ!»

«ዩጂን፣ የጋለ ዘይት አለ ኩሽና ውስጥ፤ አፍህን ዝጋ!»

ካዝ ሁለት መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«አላውቅም» አለ። «ልዋሽሽ አልፈልግም፣ በርኒ። አላውቅም።»

ማስታወቂያው አለቀ። እሷ ወደ ቴሌቪዥኑ አልዞረችም፤ እሱን ነበር የምታየው። ኳሷ ተመታች፣ ቀና ብላ ሄደች፣ ከዚያ የሐይቁ ነፋስ ወደ ግራ ገፋት። የሁላችንም ድምፅ አንድ ላይ ወረደ። ካዝ ዓይኑን ጨፈነ። ያዘነ ይሁን የተገላገለ ከፊቱ መለየት አልቻልኩም፤ እሱም የለየው አይመስለኝም።

«በቃ፣ ሠርጉ ተረፈ!» አለ ዩጂን፣ እንባውን በባርኔጣው እየጠረገ። ሰው ከሐዘኑ መሐል ሣቀ፤ እጇን ሊጨብጡ የመጡም ነበሩ።

«አልተረፈም» አለች በርናዲን። «ቅዳሜ ሠርግ የለም።»

ተከትዬያት ኩሽና ገባሁ፤ ካዝም ገባ። ጀርባዋን ሰጥታው ተናገረች።

«በመስከረም እንጋባለን። ቡድኑ በሜዳችን የመጀመሪያ ጨዋታውን በሚጫወትበት እሑድ፣ ጨዋታው በሚጀመርበት ሰዓት።»

«ልትፈትኚኝ ነው?»

«አይደለም። አላውቅም አልክ። እኔም አላውቅም። እንወቀው።»

«የመስከረም ጨዋታ ከጥሎ ማለፍ ጋር አንድ አይደለም እኮ።»

«እሱን መቼ አጣሁት! ግን ጥሎ ማለፍ እንጠብቅ ብንል ሁለታችንንም ቀድመው ይቀብሩናል።»

ልክ ነበረች፤ ደግሞም የመረጠችው ቀን ቀላል አልነበረም። በመስከረም መጀመሪያ ማንም ገና አልተሸነፈም። የእኛ ከተማ ሰው በዓመት አንድ ቀን ከሌላው ሰው እኩል የሚሆነው ያን ቀን ነው፤ ካዝ ደግሞ ከሁሉም ቀን አስበልጦ ይወደው ነበር።

የጨዋታው መርሐ ግብር በጸደይ ሲወጣ ቀኑን ይዛ ወደ ቄሱ ሄደች። አባ ሊዮናርድ ወረቀቱን ደጋግመው አዩት።

«በርናዲን፣ ልጄ፣ ሌላ እሑድ ጠፍቶ ነው?»

«ምን አለበት፣ አባ?»

«ምንም የለበትም። ብቻ... እኔም እኮ ትኬት አለኝ።»

ካዝ ለሦስት ዓርብ ከዓሣው ሲቀር ቤቱ ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ የሣር ማጨጃ ፈትቶ ተቀምጧል።

«ፕሮፌሰር፣ አንተ የተማርክ ነህ» አለኝ። «ሰው የራሱን ነገር ሳያውቅ ሲቀር በምን ያውቃል?»

«የሚያደርገውን አይቶ።»

«ይሄን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?»

ሣቅሁ፤ እሱ አልሣቀም። ብሎን በጣቶቹ እያሽከረከረ ቆየ። «ከዚያ የበረዶ ቀን ወዲህ ከአንድም የሜዳችን ጨዋታ አልቀረሁም። ስታሽን ብቻውን የተውኩት አንድ ቀን ነው፤ ያውም ሥራ ይዞኝ። አሁን በፈቃዴ ልቀር ነው። በፈቃዴ ከቀረሁ ደግሞ፣ ያኔስ ለሌላ ሰው ፈረቃ ሰጥቼ መሄድ አልችልም ነበር ወይ?»

መኪናውን የሚነዳ ሌላ ሰው እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ዕለት የትርፍ ሰዓት ክፍያው እጥፍ ነበር፤ ካዝም ጥሎ ማለፍ በየዓመቱ የሚመጣ መስሎት ነበር። ሁላችንም መስሎን ነበር።

ቀኑ ደረሰ፤ ብሩህ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከሙሽራይቱ ጋር አሥራ ሁለት ሆንን። ከተጋበዙት አብዛኞቹ ታመምን ብለው ልከዋል፤ ዩጂን ብቻ እውነቱን ተናግሮ ቀርቷል። በርናዲን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። ሰባት ሰዓት ሆነ። አባ ሊዮናርድ ሰዓታቸውን አዩ። ሰባት ከአምስት። በመንገዱ ማልያ የለበሰ ሰው እንደ ጎርፍ ወደ ስታዲየሙ ይፈስሳል፤ እሷ ፊቷን አላጠቆረችም፣ ግን የያዘችውን አበባ ዘንግ ጨምድዳው ነበር።

ሰባት ከሩብ ሲሆን ካዝ ታየ፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በእግሩ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሕዝቡን በትከሻው እየሰነጠቀ። ሃያ ዓመት አብረውት የተቀመጡ ሰዎች ሲያልፉ ይጮኹበታል።

«ካዝ! ስታዲየሙ በዚህ ነው እኮ!»

«ሽማግሌው ጠፋበት!»

ደረጃውን ወጣ።

«ዘገየህ» አለችው።

«መኪናዬን መንገድ ላይ ጥያት መጣሁ። ሁሉም ወደዚያ ነው የሚሄደው፤ ወደዚህ የሚያሳልፍ አጣሁ።»

አባ ሊዮናርድ እንደዚያ ቀን የፈጠነ ሥርዓት አድርሰው አያውቁም። አዳራሽ ገብተን በላን፤ ከካዝ ጋር አሥራ ሦስት ሰው በሦስት መቶ ሰው አዳራሽ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዩጂን ድምፁ ተዘግቶ ገባ። ቡድኑ ሃያ አንድ ነጥብ ተመርቶ፣ ተነሥቶ፣ በመጨረሻው ደቂቃ አሸንፏል። እንዲህ ያለ ጨዋታ በዕድሜዬ አላየሁም አለ። ካዝ ሁሉንም አስተረከው። ማን ያዘው፣ ከየት ሮጠ፣ ነፋሱ ከየት በኩል ነበር፣ አንዱንም አላስዘለለውም።

ዩጂን ሲጨርስ በርናዲን ወንበሯን ወደ ካዝ አስጠጋች።

«ይቆጭሃል?»

«በጣም» አለ ካዝ።

«ደግ፤ አሁን አወቅነው» አለችና ተነሥታ ኬኩን ልትቆርስ ሄደች።